ማሽኑን ለተማሪ አሳዩት፦ ለማተሚያ ቤትና ለማስታወቂያ ድርጅት ባለቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአዲስ አበባ ለምትገኙ የማተሚያ ቤትና የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ባለቤቶች፣

እንደምን ከርማችኋል? ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁና በሰላምታ አላረዝምም።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ባለፈው ወር የተደወለልኝ ስልክ ነው። ደዋዩ ከእናንተው አንዱ ናቸው፤ ለዓመታት የምንተዋወቅ ሰው። «አንድ ጎበዝ ልጅ ላክልኝ እስቲ። አደራህን፣ ኅትመት የሚያውቅ ይሁን። የዛሬ ልጆች እኮ ሥራቸው የሚያምረው ስክሪን ላይ ነው፤ ፕሌት ላይ ሲወጣ ጉድ ነው» አሉኝ። (ፕሌት ገጹ የሚወጣበትና ማሽኑ የሚያትምበት ስስ ብረት ነው።) ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ቀረና ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። እኚሁ ሰው የዛሬ ሁለት ዓመት ተማሪዎቼ ለግማሽ ቀን ማሽን ክፍላቸውን እንዲያዩ ስጠይቃቸው «ልጅ ማሽን ሥር ምን ይሠራል? ኋላ እጁን ቢቆርጠው ማን ሊጠየቅ ነው?» ብለው የመለሱኝ ናቸው። ኅትመት የሚያውቅ ልጅ ታዲያ ከየት እንዲመጣላቸው ነው?

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። ከልመናው በፊት ግን ስለ ማስተማር ትንሽ ላውራችሁ። እንዲሁ ብጠይቅ እንደ ምጽዋት ልትቆጥሩት ትችላላችሁ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ሥራ ያገኘሁትን ስለማውቅ ለእናንተም ሰዎች እንዲደርሳቸው ነው የምፈልገው።

እኔ ራሴ ከእናንተው ቤት የወጣሁ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ በነበረች አንዲት ማተሚያ ቤት ስድስት ዓመት ሌይአውት (የገጽ ቅንብር) ሠርቻለሁ፤ የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ ያልሠራሁት የለም። ማስተማር የገባሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ጓደኛዬ ታሞ «ሦስት ወር ብቻ ተካልኝ» አለኝ። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ስለ ደመወዙ አላወራም። በወር አራት ሎጎና ሁለት ብሮሸር ብሠራ የማገኘው ይበልጣል። ባለቤቴም ይህንን በየዓመቱ አንዴ ታስታውሰኛለች፣ ብዙውን ጊዜ በመስከረም፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ።

ያስቀረኝ አንድ ልጅ ነው። በገባሁ በሁለተኛው ወር ከጎጃም የመጣ ተማሪ ክፍሌ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ማውዙን የሚይዘው እንደ ጫጩት ነው፣ እጁ ላይ እንዳይሞትበት እየፈራ። ሌሎቹ ፎቶሾፑን ሲያገላብጡት እሱ ፋይሉን ሴቭ ማድረጉ ራሱ ያስጨንቀዋል። በልቤ «ይሄ ልጅ አይዘልቅም» ብያለሁ። መምህር እንዲህ ማሰብ የለበትም ይባላል፤ ሁላችንም ግን እናስባለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። (እውነቱን ለመናገር ከምርጥ ትምህርቶቼ ግማሹን የሰጠሁት መብራት ሲሄድ ነው።) ወረቀት አውጡና «በ»ን በትልቁ ሥሩልኝ አልኳቸው። ሁሉም በእርሳስ ዙሪያውን አስምረው መሐሉን መሙላት ያዙ። ልጁ ግን ወደ ውጭ ወጣ ብሎ አንዲት ደረቅ ሸምበቆ ይዞ ተመለሰና ጫፏን በምላጭ ቆረጠ። ካለቀ ማርከር ውስጥ ያወጣውን ቀለም እያጠቀሰ «በ» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ የሣሉትን እሱ ጻፈው። ሁለት ትንፋሽ አልፈጀበትም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ ልጁ አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት ቁም ጽሕፈት ተምሯል፤ ብራና ፍቆ፣ በወስፌ አስምሮ፣ በመቃ ብዕር ዳዊት ሲጽፍ የኖረ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ፊደል እንጀራ በልቻለሁ። የ«በ» ሁለት እግሮች ለምን እንደሚወፍሩ፣ ከላይ የሚያገናኛቸው መስመር ለምን እንደሚቀጥን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ፎንቱ እንዲያ ስለሆነ እንዲያ ነው፣ አበቃ። ልጁ ሸምበቆዋን አስይዞ አሳየኝ፤ እጅ ወደ ታች ሲወርድ የብዕሩ ሙሉ ጫፍ ወረቀቱን ይነካል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ጠርዙ ብቻ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተበላሸ የአማርኛ ፎንት ሳይ ለምን እንዳስጠላኝ መናገር እችላለሁ። ድሮ ያስጠላኝ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላውቅም።

በዚያ አላበቃም። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ ርዕስን ከተራው ጽሑፍ፣ የሰውን ስም ከሌላው ቃል በዚያ ይለያል። የእኛ 33 ቤቶች በሰባት ተባዝተው 231 ፊደል ይሆናሉ እንጂ ከመካከላቸው አንድም ትልቅ ፊደል የለም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት ነበር የማስተምረው፤ «ስለሌለን በውፍረትና በመጠን እንለያለን» እያልኩ። ልጁ እጁን አወጣና «ቀይ ቀለም አለ አይደል ቲቸር?» አለኝ። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የምዕራፉ መክፈቻ መስመሮች በቀይ ይጻፋሉ። ትልቅ ክፍል ሲጀምር ከገጹ አናት ላይ ሐረግ፣ ማለትም የተጠላለፈ ባለቀለም ጌጥ፣ ይሣላል፤ ዓይን ከሩቅ ሲያየው «እዚህ አዲስ ነገር አለ» ብሎ ይቆማል። እኔ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቀድቼ «የገጽ ቅንብር» እያልኩ ሳስተምር ልጁ ነገሩን ከዳዊቱ ገጽ ያውቀዋል። የማያውቀው ስሙን ነው።

ጓደኛዬ ድኖ ሲመለስ ሌላ ክፍል ሰጡት። እኔ አልወጣሁም።

ሌላውን ያወቅሁት ግን ከእናንተ ማሽን ሥር ነው፤ ደብዳቤው የሚመለከታችሁም እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ ለልምምድ ብለው ለአንድ ክሊኒክ በነጻ በራሪ ወረቀት ሠሩ። አየሁት፣ አረምኩት፣ ይታተም አልኩ። ታትሞ በደረሰ ማግስት የክሊኒኩ ኃላፊ በቁጣ ደወሉ፤ «ፊደል የማይለይ ተማሪ ነው እንዴ የምታሠሩት? ቤተሰብ ያልነው ሁሉ ቢተሰብ ሆኗል!» ፋይሉን ከፈትኩ፤ «ቤተሰብ» ይላል። ወረቀቱን አነሣሁ፤ «ቢተሰብ» ይላል። ያበድኩ መሰለኝ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። የኦፍሴት ማሽኑ ባለሙያ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ማጉያቸውን ከጋዋናቸው ኪስ አውጥተው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡና «እይ» አሉኝ። የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኗል። የፊደሉ መጠን ስድስት ነጥብ ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ርካሽና ቀለም ጠጪ። ቀለሙ ሲሰርግ ያችን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክብ ሞላት፤ ኃምሱ ሣልስ ሆነ። «ስምንት ነጥብ ብታደርጉት ወይም ቀለበቱ ሰፋ ያለ ፎንት ብትመርጡ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። እንዲህ ያለ ነገር ዩቲዩብ ላይ አይገኝም። እዚያ የሚያስተምሩት ሰዎች ስለ «ቤ» ቀለበት የሚጨነቁበት ምክንያት የለም፤ ፊደሉ የእኛ ነው። ትምህርቱ ያለው ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው።

«ክፍል መጥተው ይህንኑ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ሁለት ወር አንገራገሩ። «እኔ ምን ተምሬ ነው የማስተምር?» ይላሉ። በመጨረሻ የመጡ ዕለት ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነበር። ከሰሌዳው ፊት ቆመው ልጆቹን አንድ በአንድ አዩአቸውና «እናንተ ናችሁ ለካ ሌሊቱን የምታሳድሩኝ!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። ሦስት ሚሊሜትር ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር የሚያልፍ ትርፍ) ሳይተው የሚመጣውን ካርድና መቁረጫው ላይ ሲደርስ ጠርዙ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን አነሡ። ጥቁር ጽሑፍን በጥቁር ብቻ በማድረግ ፈንታ በአራቱም የማተሚያ ቀለም አዋቅሮ የሚልከውንም አልማሩትም፤ አንዱ ፕሌት በፀጉር ስፋት ሲንሸራተት ፊደሉ ሁሉ ጥላ ያወጣል፣ ደንበኛውም ማሽኑን ይሰድባል። ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ ተለጥጦ ባነር እንዲሆን ሲጠየቁ የሚሰማቸውንም ነገሩን። የድሮዎቹን የግዕዝ ፎንቶች ነገር ሲያነሡማ ድምፃቸው ተለወጠ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም ግን በአሮጌ ፎንት ተጽፎ፣ ከርቭ ሳይደረግ (ፊደሉ ወደ ቅርጽ ሳይቀየር)፣ በፍላሽ የሚመጣ ፋይል አለ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ገንፎ ይሆናል፤ ሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ አራት ነው፣ ሠርጉ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

በመጨረሻ ማጉያውን አዙረው እያንዳንዱን ተማሪ የቢራ ጠርሙስ ምልክት አሳዩት። ተራው የደረሳት አንዲት ልጅ ረጅም ጊዜ አጎንብሳ ቆየች። ቀና ስትል «ታዲያ አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለም ማለት ነው?» አለች። ሰማያዊ ነጥብ፣ ቢጫ ነጥብ፣ ጎን ለጎን፤ አረንጓዴውን የሚሠራው ዓይናችን ነው። ጋሼ ዝም አሉ። በኋላ፣ በር ድረስ ስሸኛቸው፣ «ይህን ያህል ዘመን ሳትም ይቺን ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም» አሉኝ። ለትራንስፖርት ያዘጋጀነውን ብር አልተቀበሉም። አንድ ነገር ግን ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማሪዎቼ በሚመጣ ፋይል ላይ ስሕተት ሲያዩ ለእኔ አይደውሉም። የሚደውሉት በቀጥታ ለልጁ ነው። አንዳንዱን በደንብ ይገስጹታል፤ ልጆቹም ግሣጼውን እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጥሩታል።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ታሪክ አለ። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ሲሆን፣ ፊደሉንና ቋንቋውን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ማለትም ኅትመታችን የጀመረው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለሌላው ስላስተማረ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያችው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን ሲያሳትሙ መጽሐፉ ላይ ይቅርታ የሚጠይቅ ቃል አኖሩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አንችልም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁና «ይሄማ የእኛ መሥሪያ ቤት ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዛሬም ዲዛይነሩ ማተም አይችልም፣ አታሚው ፋይሉን ማረም አይችልም፤ አባ ተስፋ ጽዮንና ሰዎቻቸው ግን ቢያንስ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

እኛ አገር ሙያው ራሱ ያደገው ከማሽን ሥር ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ዲዛይን የሚያስተምር ቤት አልነበረም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል ያማረ ነገር ያተመ እጅ ሁሉ የተማረው ከጎኑ ከቆመው ሰው ነው። አሁን ትምህርት ቤቱ አለ፣ ኮሌጁ አለ፣ አጫጭር ሥልጠናው በየፎቁ አለ። የጠፋው ከጎን የሚቆመው ሰው ነው።

የትብብር ሥልጠና የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ብዙውን ተግባር ከድርጅት ሄዶ እንዲማር የታሰበው ሐሳብ ግሩም ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱን የላክሁበት ቤት (ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ ራሳቸው ሲያነቡት ያውቁታል) ልጁን ሁለት ወር ሻይ ሲያስመጣ፣ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሣና ባነር ሲያሸክም ከርሞ በመጨረሻው ቀን ቅጹን ሁሉ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ሞልቶ ሰጠው። ልጁ ቅጹን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፤ ምንም አላለኝም። እኔም ምን እንደምለው አላወቅሁም። የብቃት ምዘናውን አለፈ። ፕሌት ግን እስከ ዛሬ በእጁ አልነካም።

አንዳንዶቻችሁ «አስተምረን ስናበቃ ከጎናችን ሱቅ ይከፍታሉ፣ ደንበኛ ይወስዱብናል» ትላላችሁ። አንዳንዱ ይከፍታል። እኔም የተማርኩበትን ቤት ትቼ የወጣሁ ነኝና ልክድ አልችልም። ነገር ግን የከፈተው ልጅ ማሽን የለውም፤ ሥራውን የሚያሳትመው ወዴት ይመስላችኋል? ያወቀው በር ወደ እናንተ የሚወስደው ነው። ፋይሉን ደግሞ አስተካክሎ ነው የሚያመጣው። ሌላው ሥጋት፣ አደጋ፣ ልክ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቢጫ መስመርና አንድ ቆጣ ያለ ሰው ነው፤ ሁለቱም እናንተ ዘንድ አለ።

ከእናንተ መካከል የማስታወቂያ ድርጅት ያላችሁን ደግሞ ለብቻ አንድ ነገር ልጠይቅ። ደንበኛ ያልተቀበላቸውን ሥራዎች አሳዩን። ያለቀውንና ያማረውን ከመንገድ ላይ እናየዋለን፤ ልጆቹ የሚማሩት ግን አምስት ጊዜ ተመልሶ በስድስተኛው ካለፈው ሎጎ ነው። አንድ ዲዛይነራችሁ መጥታ «ይሄንን ለምን እንዳልተቀበሉኝ አሁን ይገባኛል» ብላ አንድ ሰዓት ብታወራ፣ ከእኔ የአንድ ወር ትምህርት ይበልጣል። ለእሷም ሳይጠቅማት አይቀርም። ለምን እንዳደረገችው ለተማሪ ያስረዳች ዲዛይነር ለደንበኛ ማስረዳት አይከብዳትም፤ ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ። ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ደንበኛ «ሎጎውን ከፍ አድርገው» ሲለኝ ከፍ አደርገው ነበር። አሁን ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም የፈለገው ከፍ ማድረግ ሳይሆን ዙሪያው እንዲተነፍስ ኖሯል።

ባለፈው ዓመት፣ ከገና በፊት፣ ከባለቤቴ ጋር ሱፐርማርኬት ገብተን አንድ የቡና ማሸጊያ ዓይኔን ያዘው። ከላይ ጠባብ ሐረግ፣ ከሥሩ ስሙ በቀይ፤ ሌላ ምንም የለም። ጀበና የለም፣ ሲኒ የለም፣ የምትስቅ ሴት የለችም። አነሣሁና ገለበጥኩት። ከጀርባው ያለው ትንሽ ጽሑፍ ላይ የ«ቤ» ቀለበቶች ሁሉ ክፍት ናቸው፤ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ባለቤቴ «ምን ሆነህ ነው የሰው ቡና የምታሻሸው?» አለችኝ። ከሱቁ ሳልወጣ ለዚያ ማውዝ እንደ ጫጩት ይይዝ ለነበረው ልጅ ደወልኩለት። አዎ፣ የእሱ ነው። ጋሼ ናቸው ያተሙት። ሦስት ጊዜ መልሰውበታል። ቤታችን ቡና እያለን ሁለት እሽግ ገዛሁ። ባለቤቴ በዚያ ዕለት ስለ ደመወዝ አላነሣችም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ሠርግ በሚበዛበት በጥር፣ ካላንደርና የመልካም ምኞት ካርድ በሚጎርፍበት በነሐሴ በራችሁን አላንኳኳም፤ ሥራውን ስለማውቀው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የሠርግ ጥሪው ይቆማል፣ ማሽናችሁም ከሰዓት በኋላ ጋብ ይላል። በጾሙ ስምንት ሳምንታት ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ስድስት ተማሪ ብቻ፣ ከመምህራቸው ጋር ተቀበሉን። ማሽን አትንኩ ካላችሁን አንነካም፤ ቆመን እናያለን። ኅትመቱ ሲጀመር የሚበላሸውን ሉህና ያለቀ ፕሌት ባትጥሉብን፣ ለክፍል ማሳያ እንወስደዋለን። ሰዎቻችሁ ደግሞ፣ በተለይ ብዙ ዘመን የሠሩት፣ አንድ ከሰዓት ወደ እኛ ቢመጡ በታክሲ አምጥተን በታክሲ እንመልሳለን። ጋሼ የመጀመሪያውን ሐሙስ ይዘውታል፤ ስድስቱም ልጆች ተመርጠዋል። የቀሩት ሰባት ሐሙሶች ባዶ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግራፊክስ ዲዛይን መምህር
አዲስ አበባ